ዮሐንስ ዩል፤ ወፍጮን በማዕበል መካከል ያቆመ ሰው

ወደ አዳማ የወረደ ሰው ሁሉ ከከተማው በላይ በኮረብታው ላይ ተሰልፈው የቆሙትን ነጫጭ የነፋስ ወፍጮዎች ሳያይ አያልፍም። ወፍጮ የምንላቸው በልማድ ነው እንጂ እህል አይፈጩም፤ የሚያወጡት ኤሌክትሪክ ነው። የመጀመሪያዎቹ 34 በ2012፣ ቀጥሎም ሌሎች 102 በ2015 ሥራ ጀመሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) እነዚህን የመሰሉ መኪናዎች ነፋሱ በሴኮንድ 25 ሜትር ያህል ሲደርስ፣ ማለት በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ራሳቸውን እንዲያቆሙ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ ሰው እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ነፋስ እንዲበላ የተሠራ መኪና ማዕዱ ሲሞላለት ለምን ይጾማል?

መልሱ ባጭሩ፣ ካልጾመ ስለሚሞት ነው። ነገር ግን ሰዎች ይህን መልስ ያገኙት ብዙ ክንፍ ከተሰበረና ብዙ ገንዘብ ከጠፋ በኋላ ነው። ዛሬ ታሪኩን የምንተርክለት የዴንማርክ ተወላጅ ዮሐንስ ዩል በነፋስ ኤሌክትሪክ ሥራ ስሙ ከፊተኞቹ ተርታ ይጠራል። ከእርሱ ወፍጮ የበለጠ ትልቅ ወፍጮ ከእርሱ በፊት ተሠርቶ ነበር። ዩልን ያስጠራው ወፍጮው በማዕበል ጊዜ ማንም ሳይነካው ራሱን እንዲገታ ማድረጉ ነው።

ወደ ሕይወቱ ታሪክ ከመግባታችን በፊት ነፋስ እንዴት አድርጎ እንደሚሰብር እንመልከት። ለዚህ ትምህርት እስከ ዴንማርክ መሄድ አያስፈልገንም። እዚሁ በአዲስ አበባ ምዕራብ በዘነበወርቅ ሠፈር የሚያልፍ ሰው ቀና ብሎ ቢመለከት በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ ተጭኖ ያያል። ድንጋዩን የጫነው የቤቱ ጌታ ፊዚክስ ባይማርም አንድ ነገር አጥብቆ ያውቃል፤ ይኸውም ነፋስ ቆርቆሮውን ሽቅብ እንደሚያነሣው ነው። ነፋሱ በጣሪያው ላይ ፈጥኖ በሚያልፍበት ስፍራ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በታች በኩል ያለው ግፊት ግን እንዳለ ስለሚቆይ ቆርቆሮው ከምስማሩ ይመዘዛል። የወፍጮው ክንፍም የሚዞረው በዚሁ ዐይነት ኃይል ነው። ጣሪያ የሚነቅለውና አምፑል የሚያበራው ወንድማማች ናቸው።

አሁን ደግሞ ጥቂት ሂሳብ እንጨምር፤ የአርትስ ተማሪ ሂሳብ ሲያስተምር የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይታገሡኝ። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በክንፉ ላይ የሚያርፈው ግፊት አራት እጥፍ፣ በነፋሱ ውስጥ ያለው ጕልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሴኮንድ 10 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ደኅና የሚሠራ ወፍጮ 20 ሜትር ሲመጣበት የሚቀርብለት ጕልበት ስምንት ጊዜ ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚውጥለት ካላገኘ ጕልበቱ ወደ ፍጥነት ይለወጥና ክንፎቹ መሮጥ ይጀምራሉ። ሩጫቸው እጥፍ ሲሆንም እያንዳንዱን ክንፍ ከሥሩ ነቅሎ ወደ ውጭ ሊወረውር የሚጐትተው ኃይል አራት እጥፍ ያድጋል። እንግዲህ ወፍጮ በማዕበል ጊዜ ጠላቱ ሁለት ነው፤ አንዱ የነፋሱ ግፊት፣ ሁለተኛው ልጓም ያጣው የራሱ ሩጫ። ከሁለቱ የሚከፋው ሁለተኛው ነው።

ዮሐንስ ዩል በ1887 ከኦርሁስ ከተማ አጠገብ ኦርምስሌቭ በምትባል መንደር ተወለደ። በዚያው ዓመት ጄምስ ብላይዝ የተባለ የስኮትላንድ መምህር በማሪካርክ መንደር ኤሌክትሪክ የሚሰጥ የነፋስ መኪና ተክሎ የዕረፍት ቤቱን አብርቶበታል፤ ስለዚህ ሕፃኑና ሙያው እኩዮች ናቸው ለማለት ይቻላል። የብላይዝ መኪና ጕድለትም ያው የታወቀው ነበር፤ ብርቱ ነፋስ ሲነሣ ራሱን መግታት አይችልም ነበር።

በ1904 ዩል የ17 ዓመት ያህል ልጅ ሳለ አስኮው ወደምትባል የገጠር ከተማ ሄዶ ፖል ላ ኩር ለገጠር ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የከፈተውን ትምህርት ተከታተለ። ስለዚህ መምህር ጥቂት ሳንናገር ማለፍ አይገባም። ላ ኩር አስቀድሞ የአየር ጠባይ መርማሪ ነበር፤ በአገሩ የአየር ጠባይ ምርመራ መሥሪያ ቤት ምክትል ዲሬክተር እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ይህን ሥራ ትቶ በ1878 የገበሬ ልጆች ወደሚማሩበት ወደ አስኮው የሕዝብ ትምህርት ቤት ገባና እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በዚያ አስተማረ። እነዚህ የዴንማርክ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ፈተናም ዲፕሎማም የሌለባቸው ናቸው፤ በፈተና ሰሞን መብራት እስኪጠፋ ለምንተክዝ ለእኛ ነገሩ ተረት ይመስላል። ላ ኩር በ1891 በመንግሥት ዕርዳታ የመጀመሪያውን የመሞከሪያ ወፍጮ ሠራ፤ በሰው ሠራሽ ነፋስም ልዩ ልዩ ዐይነት ክንፍ እየሞከረ፣ ብዙ ክንፍ ኑሮት በዝግታ ከሚዞረው ይልቅ ጥቂት ክንፍ ኑሮት የሚፈጥነው እንደሚበልጥ ተረዳ። ነፋስ በሌለበት ቀን እንዳይጨልምበት በወፍጮው ኤሌክትሪክ ውኃን እየከፈለ ሃይድሮጅን የሚባለውን ጋዝ ያጠራቅም ነበር፤ ከ1895 እስከ 1902 ትምህርት ቤቱ የበራው በዚህ ጋዝ ነው። ጋዙ ግን እየፈነዳ የትምህርት ቤቱን መስኮቶች ከአንድ ጊዜ በላይ ሰባብሮበታል። የነፋሱ መለዋወጥ ኤሌክትሪኩን እንዳያናውጠው የሚያስታግሥ መሣሪያም ፈልስፎ ነበር። ላ ኩር በ1908 ሞተ። ወጣቱ ዩል ከእርሱ ዘንድ የወሰደው ትምህርት ከአርባ ዓመት በኋላ ነው ፍሬ ያፈራው።

ያን አርባ ዓመት በአጭሩ እናልፈዋለን። ዩል ኤሌክትሪክ ዘርጊ ሁኖ ሠራ፤ ከዚያም በደቡብ ምሥራቅ ሼላንድ ኤሌክትሪክ በሚያከፋፍለው ሴያስ በሚባለው ኩባንያ ተቀጠረ፤ ለድኻ ቤት የሚስማማ ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚፈጅ ምድጃም ሠርቷል። በነዚያ ዓመታት ከሰል የሚያቃጥሉ ትላልቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች በየስፍራው ስለ ተስፋፉ የላ ኩር ወፍጮዎች እየተረሱ ሄዱ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣና በ1940 ጀርመኖች ዴንማርክን ሲይዙ ግን ከሰሉም ዘይቱም ጠፋ፤ ነፋስ እንደገና ታሰበ። ጦርነቱ አልቆ በ1947 ዩል ዕድሜው ስድሳ ሊደፍን ሲል፣ ሌላው ሰው ጡረታውን በሚቈጥርበት ጊዜ፣ ለኩባንያው የነፋስ ጥናት እንዲጀመር አሳሰበ። ኩባንያውም ፈቀደለት።

በዚያን ጊዜ ለጥናቱ የሚያስፈራ ምሳሌ በፊቱ ነበር። በአሜሪካ በቬርሞንት ክፍለ ሀገር ፓልመር ፑትናም የተባለ መሐንዲስ ከአንድ ኮረብታ ጫፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር 53 ሜትር የሚሆን ባለ ሁለት ክንፍ ወፍጮ አሠርቶ በ1941 ሥራ አስጀምሮ ነበር። ጕልበቱ 1250 ኪሎዋት ነበርና በዘመኑ የዓለም ታላቅ ነው፤ አንዱ ክንፍ ብቻ 8 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። በ1943 ዋናው ኩሽኔታ ተበላሸና በጦርነቱ ምክንያት መለወጫ እስኪገኝ ሁለት ዓመት ቆመ። ክንፉ ከማዕከሉ ጋር በሚጋጠምበት ስፍራ ድካም መኖሩ አስቀድሞ ታውቆ ነበር፤ ነገር ግን በጦርነት ዘመን አዲስ ክንፍ ማን ይሰጣል? በ1945 መጋቢት መጀመሪያ ላይ እንደገና ተነሣ፤ በዚያው ወር በ26ኛው ቀን ሌሊት አንዱ ክንፍ ከሥሩ ተቈርጦ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ተወርውሮ ወደቀ። ኩባንያውም ሥራውን ተወው። ነፋስ ብረትን በአንድ ቀን ብቻ እንደማይሰብር ከዚህ ይታያል፤ ዛሬ አንዲት የፀጕር ስንጥቅ ይከፍትና ይሄዳል፣ ነገ ያሰፋታል፣ ከዚያ በኋላ መካከለኛ ነፋስ መጥቶ ይጨርሰዋል።

ከዚህ ቀደም በነበረው ዘመን ወፍጮን ከማዕበል የሚያድነው የሰው እጅ ነበር። የሆላንድና የግሪክ ወፍጮ ጠባቂ ነፋስ ሲበረታ ሸራውን ይጠቀልል ነበር። በአገራችንም በ1970ዎቹ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በታችኛው ኦሞ ወንዝ ዳር ለመስኖ ውኃ እንዲስቡ ያስተከላቸው ሸራ ለባሽ ወፍጮዎች ነበሩ፤ የእነርሱም ሸራ የሚሰበሰበው በእጅ ነው። ይህ ለትንሽ ወፍጮ ይበቃል። ነገር ግን ማዕበል በመንፈቀ ሌሊት ሲመጣ ጠባቂውም ሰው ነውና ይተኛል። ለትልቅ ወፍጮ ደግሞ ክንፉን በዘይት ግፊት እያዞረ ከነፋሱ የሚያሸሽ ውስብስብ መኪና ነበረ፤ የፑትናም ወፍጮ ይህ ነበረው። ዩል ግን ውስብስብ ነገር በዕድሜው ሙሉ ሲጠግን የኖረ ሠራተኛ ስለ ሆነ፣ የማይኖር ዕቃ እንደማይበላሽ ያውቅ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት የዩል ታላቅነት ያለው በዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን የመሞከሪያ ወፍጮ በ1950 በቬስተር ኤግስቦርግ ተከለ፤ ባለ ሁለት ክንፍ ነበር። በ1952 በቦጎ ደሴት ቀድሞ ተሠርቶ የነበረ ወፍጮ ተቀብሎ ባለ ሦስት ክንፍ አደረገው። ከዚያ በኋላ ከማርሻል ዕርዳታ በተገኘ ገንዘብ በአገሩ ደቡባዊ ጫፍ በጌድሰር ትልቁን ሥራውን ጀመረና በ1957 ተመረቀ። ማማው 24 ሜትር ከፍታ ያለው የሲሚንቶ ግንብ ነው፤ የክንፎቹም ስፋት ከዳር እስከ ዳር 24 ሜትር፣ ጕልበቱ 200 ኪሎዋት ነበር። ሦስቱ ክንፎች እርስ በርሳቸው በብረት ገመድ የተወጠሩ ስለ ነበሩ መልኩ የሚያምር አይደለም፤ ከመርከብ ምሰሶ ጋር የተጋባ መንኰራኵር ይመስላል።

ይህ ወፍጮ ከማዕበል የሚድነው በሦስት ልጓም ነው። አንደኛው ልጓም የኤሌክትሪኩ መሥመር ነው። ዩል በወፍጮው ላይ የገጠመው ጄኔሬተር ከአገሩ የኤሌክትሪክ መሥመር ጋር ተያይዞ በመሥመሩ ምት ብቻ የሚዞር ዐይነት ነው፤ ክንፎቹ በደቂቃ ከ30 ዙር ጥቂት አልፈው ሊሮጡ ቢፈልጉ ጄኔሬተሩ አጥብቆ ይይዛቸዋል። በሬ ከሌሎች በሬዎች ጋር ሲጠመድ ለብቻው መሮጥ እንደማይችል ነው።

ሁለተኛው ልጓም የክንፉ የራሱ ቅርጽ ነው፤ ለማስረዳትም የሚከብደው ይህ ነው። ክንፉ በአንድ ፍጥነት እየዞረ ሳለ ነፋሱ እየበረታ ሲሄድ፣ ነፋሱ ክንፉን የሚመታበት ማዕዘን እየተጣመመ ይመጣል። እስከ ተወሰነ ልክ ድረስ ነፋሱ በክንፉ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ያልፋል፤ ክንፉም ይጐትታል። ልኩ ሲያልፍ ግን ነፋሱ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቅና እየተሽከረከረ ይበተናል፤ ያን ጊዜ የማንሣቱ ኃይል ይደክማል። አውሮፕላን አፍንጫውን ከልክ በላይ ሲያቀና የሚወድቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ለአውሮፕላን ነጂ ሞት የሆነውን ነገር ዩል ለወፍጮው መድኃኒት አደረገው። ክንፉ በማዕከሉ ላይ እንዲዞር የሚያደርግ አንዳች መኪና ሳያስፈልግ፣ ነፋሱ ሲበዛ ክንፉ በራሱ ይሰንፋል።

እነዚህ ሁለቱ በቂ ይመስላሉ፤ ግን አይበቁም። በማዕበል ሌሊት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወድቀው የኤሌክትሪኩ ምሰሶ ነው። መሥመሩ ሲቈረጥ የመጀመሪያው ልጓም ይበጠሳል፤ ክንፎቹም ነጻ ይወጣሉ። ክንፉ እየፈጠነ ሲሄድ ደግሞ የነፋሱ ማዕዘን ተመልሶ ይቃናል፣ ክንፉም ስንፍናውን ትቶ እንደገና ይጐትታል፤ ሁለተኛውም ልጓም በመጀመሪያው ላይ የተንጠለጠለ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ዩል ሦስተኛውን ጨመረ። የክንፎቹን ጫፍ ከቀረው ክንፍ ለይቶ የሚዞር አደረገው፤ ወፍጮው ከልክ በላይ ሲፈጥን የፍጥነቱ መቈጣጠሪያ ይለቃቸውና ጫፎቹ ወደ ጐን ዞረው ነፋሱን እንደ ሰሌዳ ይጋፉታል፤ ሩጫውም ይበርዳል። ጫፉ ከሁሉ የሚፈጥን የክንፉ ክፍል ስለ ሆነ ጥቂት ሜትር ፍሬን በዚያ ላይ ይበቃል። ሰው መውጣት አያስፈልገውም፤ ኤሌክትሪክም ባይኖር ይሠራል።

የጌድሰር ወፍጮ ከባሕር በሚመጣው ማዕበል ፊት ያለ ብዙ ጥገና እስከ 1967 ሠራ፤ በጠቅላላው 2.2 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ሰጠ። ዩልም በ1961 በሮም የተባበሩት መንግሥታት ስለ አዳዲስ የኃይል ምንጮች ባደረገው ጉባኤ ላይ ሥራውን በጽሑፍ አቀረበ። ነገር ግን በዓመቱ በ1962 የአገሩ የነፋስ ኮሚቴ ሂሳቡን ሲያቀርብ የነፋስ ኤሌክትሪክ ከውጭ በሚመጣ ነዳጅ ከሚገኘው ይወደዳል ብሎ ደመደመ። ሂሳቡ በዚያ ዓመት ዋጋ ስሕተት አልነበረበትም፤ ዘይት እንደ ውኃ ይቀዳ ነበርና። እኔ የማዝነው በሂሳቡ ሳይሆን፣ አንድ አገር ራሱ የማያወጣውን ነዳጅ ሁልጊዜ በዚያ ዋጋ አገኛለሁ ብሎ በማመኑ ነው። በ1967 ወፍጮው ሲበላሽ ለጥገናው የሚወጣው ገንዘብ አይገባም ተብሎ ቆመ። ዮሐንስ ዩል በ1969 ሞተ፤ ሲሞት ወፍጮው ቆሞ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ በ1973 የዘይት ዋጋ ናረ። ነዳጁን ሁሉ ለማለት ይቻላል ከውጭ ታመጣ የነበረችው ዴንማርክ መንገዷ ጨለመ፤ በእሑድ ቀን መኪና መንዳት እስከ መከልከል ተደረሰ። በዚህ ጊዜ ክሪስቲያን ሪሳገር የሚባል አንድ አናጢ የዩልን ሐሳብ ተከትሎ በግቢው ትንሽ ወፍጮ ሠርቶ በ1976 ከአገሩ መሥመር ጋር አያያዘው፤ ሌሎች አንጥረኞችና የእርሻ መኪና ሠሪዎችም ተከተሉት። አሜሪካኖችም ትልልቅ ወፍጮ ለመሥራት ያስቡ ስለ ነበር የጌድሰር ወፍጮ እንዲመረመር ገንዘብ ሰጡና በ1977 ተጠግኖ ተነሣ፤ ዐሥር ዓመት ከቆመ በኋላ ዞረ። በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ በሺሕ የሚቈጠሩ ወፍጮዎች ሲተከሉ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የወጡት ቀላልና ፈጣን ወፍጮዎች ብዙዎቹ ተሰባበሩ፤ ባለ ሦስት ክንፎቹ ከባድ የዴንማርክ ወፍጮዎች፣ ጫፋቸው የሚዞረው፣ በብዛት ተረፉ።

ዛሬ በአዳማም ሆነ በ2013 በተመረቀው በመቀሌ አጠገብ ባለው በአሸጎዳ የምናያቸው ወፍጮዎች በጫፍ ፈንታ ክንፉን በሙሉ በማዕከሉ ላይ እያዞሩ ነፋሱን የሚለቁ ናቸው፤ ወፍጮ እየገዘፈ ሲሄድ ይህ የተሻለ ሁኖ ተገኝቷል። ጥያቄው ግን ያው የዩል ጥያቄ ነው፤ መሥመሩ ሲጠፋ ክንፉን ማን ያዞረዋል? መልሱም ለየክንፉ የተቀመጠ ባትሪ ወይም የታመቀ የዘይት ግፊት ነው። የአገራችን ከፍታ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። በአሸጎዳ ደጋ አየሩ ከባሕር ዳር ካለው ስለሚሳሳ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ የሚያሳድረው ግፊት ያንሳል፤ ከዚህም የተነሣ ኤሌክትሪኩ ይቀንሳል፣ ክንፉ ግን ያርፋል። እኛ በጃፓን ደሴቶች ያለውን ማዕበልም አናውቅም። በመስከረም 2003 በሚያኮ ደሴት ላይ ያለፈው ማዕበል የኤሌክትሪኩን መሥመር ስለ ቈረጠው ወፍጮዎቹ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ ማዞር አቅቷቸው አንዳንዶቹ ከነማማቸው ወደቁ።

በዴንማርክም ቢሆን ነገሩ አላለቀም። የካቲት 22 ቀን 2008 ዩል ከተወለደበት ከኦርምስሌቭ ብዙም በማይርቀው በሆርንስሌት በብርቱ ነፋስ ጊዜ የአንድ ወፍጮ ፍሬን አልያዘም። ክንፎቹ እየፈጠኑ ሄዱ፤ ሰዎች ከሩቅ ቆመው በፊልም ሲያነሡት አንዱ ክንፍ ተሰባብሮ ማማውን መታው፤ ማማውም ከወገቡ ተቈርጦ ወደቀ።